ከሞንታና ያመጣሁት የሣር ማጨጃ፦ የሥራ ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ 2024፣ ሂሳቡ በወረቀት ላይ

ግቢያችን ወደ 2 ኤከር ይጠጋል። ካናዳ፣ ደቡብ አልበርታ፣ ከብሩክስ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አካባቢው ደረቅ ስለሆነ ሣሩ የሚኖረው በመስኖ ነው። ውሃ ካገኘ ደግሞ አይቻልም። ጁን ላይ አንዱን ጥግ አጭዶ ሲጨረስ የተጀመረበት ጥግ መልሶ አድጓል። በእጅ የሚገፋውን ማሽን ዘንድሮ በቃኝ ብያለሁ። ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ይገዛል።

የምፈልገው 42 ኢንች ዴክ (ምላጮቹ ሥሩ የሚሽከረከሩበት ክዳን) ያለው፣ ከ17 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት፣ ሃይድሮስታቲክ ነው፤ ማለትም ማርሽ ሳይቀየር በፔዳል ብቻ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ። ዜሮ ተርን የሚባሉት፣ ባሉበት ቆመው የሚዞሩት፣ ፈጣን ናቸው። ግን ቦዩ ዳር ተዳፋት አለኝ፣ እዚያ ላይ አላምናቸውም።

አዲስ ለመግዛት አስቤ ነበር። በካናዳና በአሜሪካ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት መጀመሪያ ሲታይ ያጓጓል፤ የአሜሪካው ቁጥር ያንሳላ። በምንዛሬ ሲባዛ ግን ልዩነቱ ይሟሽሻል። ዋስትናውም አለ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ዋስትናው ድንበር ይሻገር እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት። በቃል «ችግር የለም» ቢላችሁ አይበቃም። ማሽኑ ሲበላሽ 300 ኪሎ ሜትር ጭኖ መመለስ ካለ ቁጠባው እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ያገለገለ። እዚህ አካባቢ የምፈልገው ዓይነት 1,900 የካናዳ ዶላር ይባልበታል። ከድንበሩ ወዲያ ባለችው የአሜሪካ ግዛት ሞንታና ውስጥ ተመሳሳዩ ከ900 እስከ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠራል። የሚሸጠው ማሽንም እዚያ ይበዛል።

ታክሱ እንዲህ ነው። ሞንታና አጠቃላይ የሽያጭ ታክስ የላትም። አልበርታም የራሷ የሽያጭ ታክስ የላትም፤ እኛ ጋ ያለው የፌዴራሉ ጂኤስቲ ብቻ ነው፣ 5 በመቶ። ኦንታሪዮ ያለ ሰው ይህንኑ ነገር ከኒውዮርክ ቢያመጣ እዚያ የአሜሪካውን ታክስ ይከፍላል፣ ድንበሩ ላይ ደግሞ 13 በመቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የኔን ሂሳብ ሳታጣሩ አትቅዱ።

አንድ የምትቆረቁር ነገር አለች። እዚሁ አልበርታ ውስጥ ከግለሰብ ያገለገለ ዕቃ ብገዛ ጂኤስቲ የለበትም። ያንኑ ያገለገለ ዕቃ ከአሜሪካ ግለሰብ ገዝቼ ሳስገባ ግን 5 በመቶ እከፍላለሁ። ድንበር መሻገሩ ራሱ ያስከፍላል።

ማርች መጀመሪያ፣ ሕጉን ማንበብ

በረዶው አልለቀቀም። ማታ ማታ የካናዳ ድንበር አገልግሎትን ደንብ እያነበብኩ ነው። የያዝኩት ይህን ነው።

በዚያው ቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው ምንም ነፃ መጠን የለውም። 24 ሰዓት የቆየ እስከ 200 የካናዳ ዶላር ያለ ክፍያ ያስገባል፤ ዕቃው ከ200 ካለፈ ግን ነፃ መጠኑ ይቀርና በሙሉው ዋጋ ላይ ይከፈላል። 48 ሰዓት የቆየ 800 ዶላር ይቀነስለታል።

48 ሰዓት ቆይቼ 800 ዶላሩን ላስቀንስ የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። የ800 አምስት በመቶ 40 ዶላር ነው። ለ40 ዶላር ብሎ ሁለት ሌሊት ሆቴል የሚያድር ሰው ሌላ ጉዳይ ሊኖረው ይገባል። ይቅር፣ በዚያው ቀን ደርሶ መልስ ነው።

ቀረጥን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ማሽን ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሚሠራው የካናዳ፣ የአሜሪካና የሜክሲኮ የንግድ ስምምነት መሠረት ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ስለዚህ የማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተሠራበት አገር ይነበባል። ፎቶውን ሻጩ ቀድሞ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ።

ልቀትን በተመለከተም ሕግ አለ። ካናዳ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ እስከ 19 ኪሎ ዋት ባላቸው ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የጭስ ደረጃ ትጠይቃለች። 19 የፈረስ ጉልበት 14 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሆነ ይመለከተኛል። ሞተሩ ላይ የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ተለጣፊ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ተለጣፊው ተልጦ የጠፋበትን ማሽን አልነካም።

ከሁሉም ያስገረመኝ አፈሩ ነው። ያገለገለ ማሽን አፈር ይዞ ወደ ካናዳ መግባት አይችልም። ከአፈር ጋር የሚመጣ የእርሻ ተባይና በሽታ አለ። የሣር ማጨጃ ዴክ ሥር ደግሞ የዓመታት ጭቃና የበሰበሰ ሣር ተጋግሮ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከድንበሩ በፊት እጥበት አለ።

የአገር ልጆች የሚጠይቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። የካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ብቻውን ወደ አሜሪካ አያስገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ከሆነ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለመመለሻ ደግሞ የነዋሪነት ካርዱን አትርሱ። ለሣር ማጨጃ ብሎ ቪዛ የሚያመለክት ሰው እስካሁን አላየሁም።

ማርች አጋማሽ፣ ፍለጋ

ማስታወቂያዎቹ ላይ የምገምተው በፎቶ ነው። ታጥቦ አብረቅርቆ ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ ምንም አይነግረኝም። ለእያንዳንዱ ሻጭ የምልከው ጥያቄ አንድ ነው፦ የዴኩን ሥር፣ የሞተሩን ተለጣፊ፣ የሰዓት ቆጣሪውን፣ የኋላ ጎማዎቹን አንሣልኝ።

ብዙዎቹ አይመልሱም። አንዱ የዴኩን ሥር አንሥቶ ላከ፤ ስፒንድሉ፣ ማለትም ምላጩን የሚያዞረው ዘንግ፣ የሚታሰርበት ላሜራ ዙሪያው ተሰንጥቆ በብየዳ ተጠግኗል። ምላጩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ የሚሽከረከርበት ቦታ ነው። አመስግኜ አለፍኩ።

ሌላው ደስ የሚል ነበር፤ ግን ሃይድሮስታቲኩን ስጠይቅ «ሲሞቅ ትንሽ ይደክመዋል» አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዚህ ክፍል ማሽኖች ላይ የሚገጠሙት ማስተላለፊያዎች ብዙዎቹ የታሸጉ ናቸው፤ ዘይት ለመቀየር እንኳ ከማሽኑ ማውረድ ይጠይቃል። ቀዝቃዛ ሲሆን ዳገት ወጥቶ ሲሞቅ ከቆመ ውስጡ ተበልቷል። ዋጋውን ግማሽ ቢያደርገውም አልፈልግም።

ማርች መጨረሻ፣ አንድ ተገኘ

ከሸልቢ ወደ ደቡብ፣ ኮንራድ አካባቢ ያለ ገበሬ ነው። 42 ኢንች፣ 19 የፈረስ ጉልበት፣ ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ብሪግስ ኤንድ ስትራተን። ተለጣፊው አለ። የዴኩ ሥር ዝገት አለው፣ ስንጥቅ ግን አይታይም። 950 ዶላር ብሎ ነበር የለጠፈው። በስልክ ሳናግረው በግልጽ ነገረኝ፦ ማሽኑ ሲነሣ ይቸገራል፤ ሞተሪኖውን ቀይሬዋለሁ፣ ባትሪውም አዲስ ነው፣ አሁንም ይቸገራል።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «ግማሽ ዙር ዞሮ ነው የሚቆመው?»

መልሼ ደወልኩና ጠየቅኩ። አዎ፣ ትንሽ ይዞርና ግድግዳ እንደገጨ ቀጥ ይላል።

«በል ሂድና እየው» አሉ ጋሼ። «ካንዴላ መፍቻ ያዝ።»

ኤፕሪል መጀመሪያ፣ ተጎታችና ገንዘብ

ተጎታቹ የጓደኛዬ ነው፣ 5 በ10 ጫማ። ክረምቱን ቆሞ ስለከረመ የኋላ መብራቱ አንደኛው አይሠራም፤ ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ሞልቷል። በአሸዋ ወረቀት አጽድቼ አምፖሉን ቀየርኩ። የቸርኬዎቹን ኩሽኔታ ግራሶ ሞላሁ። አራት በራቼት የሚጠብቁ ማሰሪያዎች ገዛሁ። ሁሉም 48 ዶላር።

ሻጩ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። ባንኬ የአሜሪካ ዶላሩን በ1.40 ሸጠልኝ። በዚያው ሰሞን ዜና ላይ የሚባለው 1.37 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ትመስላለች፣ በተጠራው 950 ዶላር ላይ ግን 28.50 ዶላር ናት። በካርድ ብትከፍሉም አታመልጡም፤ ብዙዎቹ የካናዳ ካርዶች ለውጭ ምንዛሬ 2.5 በመቶ ይጨምራሉ። ስለዚህ ሂሳብ ስትሠሩ ባንካችሁ በሚሸጥላችሁ ቁጥር አባዙ፤ የዜናው ምንዛሬ ለናንተ አይደለም።

የያዝኩት ዕቃ፦ ካንዴላ መፍቻ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ቮልት መለኪያ፣ የጎማ መንፊያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ በእጅ የተዘጋጀ የሽያጭ ወረቀት ሁለት ቅጂ። የሣር ማጨጃ እንደ መኪና የባለቤትነት ደብተር የለውም። ስለዚህ የከፈልኩትን የሚያሳየው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ቀን፣ የሁለታችን ስም፣ የማሽኑ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ ዋጋው በአሜሪካ ዶላር፣ ፊርማ።

ኤፕሪል፣ የጉዞው ቀን

ከጎህ በፊት ወጣሁ። ሃይዌይ 36ን ይዞ በቴበር በኩል ወደ ዋርነር፣ ከዚያ በሃይዌይ 4 ወደ ኩትስ። ኩትስ ላይ ድንበሩ 24 ሰዓት ክፍት ነው። ከወዲያ ስዊትግራስ ነው፤ ኢንተርስቴት 15 ከዚያ ይጀምራል። የአሜሪካው መኮንን ባዶ ተጎታቹን አይቶ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። የሣር ማጨጃ ልገዛ አልኩት። አሳለፈኝ።

ገበሬው ደግ ሰው ነው። ማሽኑ ዛኒጋባ ሥር ቆሟል። ቁልፉን ሲያዞረው እንደተባለው ነው፤ ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆማል። ደግሞ ሲሞክር ይዞርና ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ጭስ የለም።

አጥፍተነው ባትሪውን ለካሁ፣ 12.6 ቮልት። ጤነኛ ነው። ገመዶቹን ነካካሁ፣ ጥብቅ ናቸው። ከዚያ ካንዴላውን ፈትቼ አወጣሁና ገመዱን ከሞተሩ አካል ጋር አስጠግቼ አሰርኩት። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ያለ ምንም ችግር ሽር ይላል።

ለጋሼ ደወልኩ። «እንግዲህ ሞተሪኖው ምን በደለ?» አሉ። «ካንዴላው ሲወጣ በደንብ ከዞረ ችግሩ መጭመቁ ላይ ነው። ቫልቩ ሰፍቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሞተሮች ሲነሡ እንዳይከብዳቸው ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ ላይ፣ ቫልቩን በትንሹ ከፈት አድርጋ የምትይዝ ነገር አለች። ግፊቱ ትንሽ ይወጣና ሞተሪኖው ይቀለዋል። የቫልቩ ክፍተት ከልኩ በላይ ሲሰፋ ያቺ ትንሽ መክፈቻ ቫልቩ ጋ አትደርስም። ሞተሪኖው ሙሉውን ግፊት ይገጥመዋል፤ አይችልም። ሰው ባትሪ ይቀይራል፣ ሞተሪኖ ይቀይራል። የሚያስፈልገው ግን ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት፣ ነው።

የምገምተውን ለገበሬው ነገርኩት፤ ቫልቭ ይመስለኛል፣ ካምሻፍቱ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ ነው አልኩት። እሱ ሰልችቶታል። ሁለተኛ ሞተሪኖ ገዝቶበታል። «700 ስጠኝና ውሰደው» አለ። 700 ሰጠሁት።

ከመክፈሌ በፊት ያየኋቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካንዴላው ወጥቶ፣ ምላጮቹን በእጄ አሽከረከርኩ፤ ግራው ይንሿሿል፣ ኩሽኔታው አልቋል። ቺንጋው ጠርዙ ተበልቷል። ሃይድሮስታቲኩን ለማየት ሩብ ሰዓት ያህል ሜዳው ላይ ነዳሁት፤ ከሞቀ በኋላ እዚያው ያለውን ዳገት ያለ ችግር ወጣ። የመቀመጫውን ስዊች ለመፈተን ዴኩ እየሠራ ከመቀመጫዬ ትንሽ ተነሣሁ፤ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ጥሩ። ይህን ስዊች በሽቦ አገናኝተው የሚሸጡ አሉ፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ።

ጭነት ላይ። ፊቱ ወደ መኪናው ዞሮ ነው የተጫነው። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ ሞተሩ ፊት ላይ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ተጎታቹ አንገት ይሄዳል፤ ክብደት ወደ ኋላ ከሆነ ተጎታች መንገድ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ሁለተኛ ኮፈኑ ማጠፊያው ፊት ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ ቢጫን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ይገነጥለዋል። የዚህን አገር ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለጥንቃቄ ኮፈኑን በገመድ አሰርኩት። የቤንዚን መዝጊያውን ዘጋሁ። ፍሬኑን ያዝኩ። ማሰሪያዎቹን ሻሲው ላይ፤ ዴኩ ላይ ወይም መሪው ላይ አይታሰርም።

ሸልቢ ላይ በሳንቲም የሚሠራ መኪና ማጠቢያ ገባሁ። ዴኩን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ከተጎታቹ ጎን ተኝቼ፣ በግፊት ውሃ ሥሩን አጠብኩ። ውሃውን ስፒንድሉ ኩሽኔታ ላይ በቀጥታ አለመርጨት ነው፤ ግራሶውን ያወጣዋል። የጎማዎቹን ጥርስ በካቻቢቴ ፈለፈልኩ። የወጣው ጭቃ ብዛት! 9 የአሜሪካ ዶላር ፈጀብኝ፤ ከወገብ በታች በሰብሼ ነው የወጣሁት። ነዳጅም እዚያው ሞላሁ፤ ከኛ ይረክሳል።

ኩትስ ላይ መኮንኗ ምን እንዳመጣሁ ጠየቀች። ያገለገለ የሣር ማጨጃ፣ 700 የአሜሪካ ዶላር፣ ወረቀቱ ይኸው። ወደ ጎን አቁም ተባልኩ። አንድ ሌላ መኮንን በእጅ ባትሪ ዴኩን ሥር አየ፣ ጎማውን አየ። የተሠራበትን አገር ሰሌዳው ላይ አነበበ። ውስጥ ገብቼ ከፈልኩ። በእነሱ ምንዛሬ 959 የካናዳ ዶላር ሆነ፤ ጂኤስቲው 47.95። ስለ ሞተሩ ተለጣፊ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ግን ፎቶውን አዘጋጅቻለሁ።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ስለመጻፍ ብዙ ሰው ይመክራል። «300 ብለህ አስፈርመው» ያለኝ አለ። የሚተርፈው 27 ዶላር ገደማ ነው። ከተያዘ ዕቃው ይወረሳል፣ ቅጣት አለ፣ ከዚያ በኋላ በተሻገርኩ ቁጥር እየተጎተትኩ መፈተሽ አለ። ለ27 ዶላር!

ኤፕሪል፣ ቫልቩ

ጋሼ መጡ፤ ወንበር ተሰጣቸው። የሚሠራው እኔ፣ የሚያዙት እሳቸው።

ሥራው ረጅም አይደለም። ካንዴላው ይወጣል። የቫልቩ ክዳን ይፈታል። ፒስተኑ መጭመቂያው ላይ ሆኖ ጫፍ ሲደርስ ይቆምና፣ ከጫፉ ሩብ ኢንች ያህል እንዲወርድ ይደረጋል። ይህቺ ሩብ ኢንች ወሳኝ ናት፤ ካልወረደ ያቺ መክፈቻ ራሷ ቫልቩን ይዛው ልኩ ይሳሳታል። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን እንጨት አስገብቼ ነው መውረዱን የለካሁት።

የዚህ ሞተር ልክ ለመግቢያው ቫልቭ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች፣ ለመውጫው ከ0.005 እስከ 0.007 ኢንች ነው። ፊለር ጌጁን ሳስገባ የመግቢያው ላይ 0.010 ያለ ችግር አለፈ። እጥፍ ማለት ነው። የመውጫውም ሰፍቷል። ዳዶውን ፈትቼ አጠበብኩ፤ የመግቢያውን 0.004፣ የመውጫውን 0.006 ላይ አደረግኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ትንሽ ስለሚሸሽ እንደገና ተለካ። እንደገና ፈትቼ አስተካከልኩ።

«አሁን አዙረው» አሉ ጋሼ፣ ካንዴላው ከተመለሰ በኋላ።

በአንዴ ተነሣ። አጥፍቼ ደግሜ አስነሣሁ፤ ሳይንገጫገጭ ተነሣ። ካምሻፍቱ ደህና ነው ማለት ነው። ጋሼ ሻያቸውን ጠጥተው «የሰውዬው ሁለተኛ ሞተሪኖ የት ደረሰ?» አሉ። ማሽኑ ላይ ነው፣ አዲስ ነው፤ ለኔ ትርፍ ሆነ።

የክዳኑ ጓርኒሲዮን ስንፈታው ተቀደደ፤ አዲስ ተገዛ። ከፊለር ጌጁ ጋር 29 ዶላር።

ሜይ መጀመሪያ፣ ሌላው ጥገና

ዘይት ተቀየረ፤ ኤስኤኢ 30፣ 1.4 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የወጣው ዘይት ጥቁር ነው፣ ግን የብረት ብናኝ የለበትም። የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ካንዴላ (ክፍተቱ 0.030 ኢንች)። ይህ ሁሉ ከዘይቱ ጋር 71 ዶላር።

የሰርባቶዮው ቤንዚን ከዓምና የቀረ ነው፤ ሽታው ተለውጧል። አፈሰስኩት። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋልላል። መጀመሪያ የካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽ ከቤንዚን ጋር ቀላቀልኩ፤ ትንሽ ተሻለው፣ አልዳነም። ከዚያ ካርቡራተሩን አወረድኩ። ታችኛው ሳህን ውስጥ ማር የመሰለ ዝቃጭ ተኝቷል። ቀጭኗ ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ፣ ግማሽ ተደፍናለች። በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋል፤ በስፕሬይና በታመቀ አየር ነው የጸዳው። አሁን ድምፁ አንድ ዓይነት ሆነ።

ግራው ስፒንድል ሙሉውን ተቀየረ፣ 64 ዶላር። ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ርካሽም ነው። ግን ሞርሳ ላይ አስሬ ላወጣው ስሞክር ቤቱ ራሱ ተበልቶ ስላየሁ ተውኩት። የሚያስሩት ቡሎኖች ዝገው አንዱ ተሰበረ። ቀዳዳውን በድሪል አስፍቼ በዳዶ አሰርኩት። ያን ቀን ጓደኛዬ ደውሎ «ስንት አተረፍክ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ምላጮቹ ተስለው ተስለው አልቀዋል። አዲስ ጥንድ፣ 58 ዶላር። የዴክ ቺንጋ፣ 54 ዶላር። ቺንጋው ላይ ርካሽ አትምረጡ። የመኪና ቺንጋ ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ የሚያስገቡ አሉ፤ የሣር ማጨጃው ቺንጋ የሚንሸራተትና የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ ጨርቁ ይለያል። የመኪናው ቶሎ ይቃጠላል።

ሜይ፣ የመጀመሪያው አጨዳ

ሣሩ ላይ በግልጽ መስመር ቀረ። ቀኝ በኩል አጥሮ ግራው ረዝሟል። ዴኩ ጠማማ ነው ብዬ ማስተካከያውን ልፈታ ስል መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ለካሁ። የኋላ ቀኙ 5 ፒኤስአይ፣ የኋላ ግራው 12። ሁለቱንም 10፣ የፊቶቹን 14 አደረግኳቸው። ጠማማው ግማሽ በግማሽ ጠፋ። ጎማ ሳይለካ ዴክ የሚያስተካክል ሰው በጠማማ ላይ ጠማማ ነው የሚሠራው።

ቀሪውን በማስተካከያው ጨረስኩ። ሲሚንቶ ላይ አቁሜ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅዬ፣ ከምላጩ ጫፍ እስከ መሬቱ ለካሁ። ግራና ቀኙ እኩል፤ ፊቱ ከኋላው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ። ፊቱ ዝቅ ሲል ምላጩ ሣሩን አንዴ ብቻ ይቆርጠዋል። እኩል ከሆነ የኋላው ጠርዝ እንደገና እየዳሰሰ ጉልበት ይበላል።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ነው። ከባድ ጤዛ ካለ ዴኩ ውስጥ ይጋገራል፤ ስለዚህ ከረፋዱ በኋላ ነው የማጭደው።

ጁን፣ ሂሳቡ በእውነት

ማሽኑ 980 የካናዳ ዶላር፣ በገዛሁበት ምንዛሬ። ጂኤስቲ 47.95። ነዳጅ ለ600 ኪሎ ሜትር ገደማ 135። የተጎታቹ 48። እጥበት 13። ግቢዬ እስኪደርስ 1,223.95። ጥገናው 276። ድምር 1,499.95።

እዚህ የሚጠራው 1,900 ነበር። ጥገናውን ከሁለቱም በኩል ልተወው፤ ያገለገለ ማሽን የትም ቢገዛ ቺንጋና ምላጭ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ልዩነቱ 676 ዶላር ገደማ ነው። ደስ ይላል።

ግን ይህን ቁጥር ስከፋፍለው ሌላ ነገር አየሁ። ገበሬው በጠራው 950 ብገዛው ኖሮ ምንዛሬው፣ ጂኤስቲው፣ መንገዱ ተደምሮ 1,591 ይደርስ ነበር። ልዩነቱ 309 ብቻ። የቀረው 367 የመጣው ከቫልቩ ነው፤ ሰውዬው ማሽኑ ለምን እንደማይነሣ ስላላወቀ። ከድንበሩ ጋር ግንኙነት የለውም። እንዲህ ዓይነት ማሽን እዚሁ ቴበር ወይም ሜዲሲን ሃት ውስጥ «ሞተሪኖ ይፈልጋል» ተብሎ ይሸጥ ይሆናል። በዚያ ላይ 1,900 የተጠራ ዋጋ ነው። ተደራድሬ በ1,700 ባገኘው የድንበሩ ድርሻ 109 ዶላር ትሆናለች። ሙሉ ቀን መንዳት፣ በውሃ መበስበስና ወረቀት ማዘጋጀት አለበት። የጋሼን ሙያ ደግሞ አልቆጠርኩም። ብር አይቀበሉም፤ በየሁለት ሳምንቱ ግቢያቸውን አጭድላቸዋለሁ።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ እዚሁ አካባቢ «አይነሣም» የተባለ ማሽን ፈልጉ፣ ካንዴላ መፍቻ ይዛችሁ ሂዱ። ድንበር መሻገሩ የሚያዋጣው ወይ ማሽኑ ውድ ሲሆን ነው፣ ወይ ለሌላ ጉዳይ ስትሄዱ።

ሴፕቴምበር 2025፣ የተጨመረ

የተጎታቹ ባለቤት አሁን ዜሮ ተርን ፈልጓል፤ እሱም ከሞንታና። ዕቃው ውድ ስለሆነ ሂሳቡ ከኔ የተሻለ ሊወጣለት ይችላል። ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2025 ካናዳ በብዙ የአሜሪካ ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ የአጸፋ ታሪፍ ጣለች። አብዛኛው ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ተነሥቷል፤ ብረት፣ አሉሚኒየምና መኪና ላይ ያለው ግን አልተነሣም። ዝርዝሩ ይቀያየራል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የማሽኑን የታሪፍ ቁጥር ይዞ ድንበር አገልግሎቱ ጋ እንዲደውል ነግሬዋለሁ። ለሣር ማጨጃ የሚጀምረው በ8433.11 ነው።

የዜሮ ተርኑ ዴክ 54 ኢንች ነው። የተጎታቹ ስፋት 60 ነው፤ ግን የሣር መትፊያው በጎን ይወጣል። ወደ ላይ ታጥፎ እንደሚታሰር ከሻጩ ይጠይቃል። መብራቱን ደግሞ ዘንድሮ እሱ ይጠግነው።